አንድ አማካሪ ለሁለት ሺህ ተማሪ፦ የከተማው ዳር «ጋይዳንስ» እንዴት ይሠራል?

ከአዲስ አበባ ዳር ካሉት ትምህርት ቤቶች ወደ አንዱ ገብታችሁ ተማሪ የሚመከርበትን ቢሮ ፈልጋችሁ «ጋይዳንስ የት ነው?» ብትሉ ዘበኛው ራሱ ትንሽ ያስባል። ከዚያ ወይ ወደ ዲሲፕሊን ቢሮው ይጠቁማችኋል፣ ወይ ኳስና መረብ ወደሚቀመጥበት ክፍል። ሁለቱም ልክ ሊሆን ይችላል፤ አማካሪዋ ከአንዱ ጋር ግድግዳ ትጋራለች፣ ከሌላው ጋር ክፍል። ተማሪ ብትጠይቁ «ያጠፋ የሚላክበት ነው» ይላችኋል። ከመምህራኑ መካከል «እሷ እኮ ፔሬድ የላትም» የሚል አይጠፋም። ወላጅ ደግሞ እንዲህ ያለ ሰው መቀጠሩን እንኳ አብዛኛውን ጊዜ አልሰማም።

እዚያ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ሰው ማንነት ለሥራው ለውጥ ያመጣል ወይ? ወንድ ይሁን ሴት፣ አፋን ኦሮሞ ይቻል አይቻል፣ ሙስሊም ይሁን ክርስቲያን፣ ዐይነ ስውር ይሁን የሚያይ ምን ለውጥ አለው፣ ዋናው ሙያው ነው የሚል ብዙ ነው። ሙያው ዋና መሆኑ አያከራክርም። ግን ልጅ በር የሚያንኳኳው ዲግሪ አይቶ አይደለም። በመስኮት አጮልቆ ሰውየውን ያያል፣ ይገምታል፣ ከዚያ ወይ ያንኳኳል ወይ ወደ ክፍሉ ይመለሳል። የተመለሰውን ደግሞ ማንም አይቆጥረውም።

በመጀመሪያ ሥራው ራሱ ምን እንደሆነ እንይ። የትምህርት ቤት አማካሪ በሦስት ነገር ላይ ይሠራል። አንደኛው ትምህርቱ ነው፦ የሚወድቀው ልጅ ለምን ይወድቃል፣ እንዴት ያጥና፣ ፈተና ሲመጣ ለምን እጁ ይንቀጠቀጣል። ሁለተኛው የነገ ጉዳይ ነው፦ ተፈጥሮ ሳይንስ ወይስ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ዩኒቨርሲቲ ወይስ ሙያና ቴክኒክ። ሦስተኛው የልቡ ነገር ነው፦ ቤት ውስጥ የሚሆነው፣ ሐዘኑ፣ ፍርሃቱ፣ ጓደኞቹ። ሦስተኛው ሳይነካ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙም አይንቀሳቀሱም። ማታ አባቱ እናቱን ሲደበድብ ያደረ ልጅ ጠዋት የጥናት ፕሮግራም አውጣ ቢባል ያወጣል፤ አይከተለውም እንጂ።

አሜሪካኖች ይህን ሙያ ቀድመው ስላደራጁት ቁጥራቸው ለማነጻጸሪያ ይጠቅማል። በ1952 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የትምህርት ቤት አማካሪዎች ማኅበራቸው ለአንድ አማካሪ ከ250 ተማሪ እንዳይበልጥ ይመክራል። ከሥራ ሰዓቱም ቢያንስ 80 በመቶው ለተማሪዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ በሚሰጥ አገልግሎት ላይ እንዲውል ይፈልጋል። እነሱም ቢሆኑ አልደረሱበትም፤ በ2022/23 የትምህርት ዘመን በአማካይ ለአንድ አማካሪ 385 ተማሪ ነበራቸው።

አሁን የእኛን እናስላ። ሁለት ሺህ ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት አንዲት አማካሪ አለችው እንበል። ዓመቱን 200 የትምህርት ቀን አድርገን፣ በቀን ስድስት ልጅ ተረጋግታ ታነጋግራለች ብንል በዓመት 1,200 ንግግር ይሆናል። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ጊዜ እንኳ አይደርስም። ይህም ስብሰባ ከሌለ፣ ፈተና ካልፈተነች፣ የቀረ መምህር ካልሸፈነች፣ ራሷም ካልታመመች ነው። በዚያ ላይ ከባድ ችግር የያዘው ልጅ አንዴ ተነጋግሮ አይሄድም፤ ስምንትና አሥር ጊዜ መመላለስ አለበት። ስለዚህ አማካሪዋ ሳትወድ ትመርጣለች፦ የሚጮኸውን፣ የሚደባደበውን፣ በመምህር ተይዞ የሚመጣውን። ዝም ያለው ይቀራል።

ይህን ይዘን ወደ ዳሩ እንውጣ። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳ፣ የካ አባዶ የምንላቸው ሰፈሮች በአንድ ትውልድ ዕድሜ የሞሉ ናቸው። ኮንዶሚኒየም ዕጣ የደረሰው ከመሐል ከተማ ተነቅሎ መጣ። መሬቱን ያርስ የነበረው ቤተሰብ ካሳውን ተቀብሎ እዚያው ጥግ ላይ ቀረ። ከወላይታ፣ ከጋሞ፣ ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ እንጀራ ፍለጋ የመጣው ተከራየ። ጦርነት ያፈናቀለው ዘመድ ቤት ተጠጋ። ከዘመድ ጋር እየኖረች ቀን የሰው ቤት ሠርታ ማታ የምትማር ልጅም አለች። እነዚህ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ።

አስተዳደሩም ድንበር ላይ ያለ ነው። በ2015 ዓ.ም. በዙሪያው ያሉት ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲመሠረት፣ አንዳንድ ቦታ አስፋልት መሻገር ማለት የትምህርት ቢሮ መቀየር ማለት ሆነ። በአንዱ ወገን ያለው ልጅ ሒሳብና ሳይንስን በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይማራል። በሌላው ወገን ያለው በአብዛኛው በአማርኛ። የአዲስ አበባውን ከሰባተኛ፣ የኦሮሚያውን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ እንግሊዝኛ ይቀበላቸዋል፤ እስከዚያ ግን የቤት ኪራይ የጨመረበት ቤተሰብ ሁለት ኪሎ ሜትር ሲዘዋወር ልጁ የመማሪያ ቋንቋ ይቀይራል።

እስከ አራተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ የተማረ አንድ ልጅ አምስተኛን በአማርኛ ጀመረ እንበል። ስም ጠሪ መምህሩ ለአማካሪ የሚልከው ወረቀት ላይ የሚጻፈው የታወቀ ነው፦ «ዝምተኛ ነው። አይሳተፍም። የቤት ሥራ አይሠራም።» አማካሪዋ አስቀምጣ «ምን ሆነሃል?» ትለዋለች። «ምንም።» «ቤት ውስጥ ችግር አለ?» «የለም።» ጣቱን ይነክሳል፣ መሬት መሬት ያያል። በዚህ ከቀጠለ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው ዐይን አፋርነት፣ ምናልባትም የመማር ችግር ነው። ያው ልጅ በአፋን ኦሮሞ «ማል ታቴ?» (ምን ሆንክ?) ብሎ የሚጠይቀው ሰው ቢያገኝ ግን ቀና ይላል። ወረቀት ላይ የማካፈል ስሌት ቢሰጠው በራሱ ቋንቋ እያጉተመተመ ቁጭ አድርጎ ይሠራዋል። ልጁ ሒሳብ ያውቃል፤ ያላወቀው ጥያቄው የተጻፈበትን አማርኛ ነው። መሻገሪያው በተቃራኒው ሲሆንም፣ ማለትም በአማርኛ የጀመረው ልጅ ወደ አፋን ኦሮሞ ክፍል ሲገባ፣ ተመሳሳይ ወረቀት ይጻፍበታል።

እዚህ ላይ የአማካሪው ቋንቋ የምርመራው መሣሪያ ነው፤ ያለ እሱ ሙያው ራሱ ይሳሳታል። ብዝኃነትን የበዓል ቀን የባህል ልብስ አድርጎ ማየት የለመደ ኃላፊ ይህን ቢያስብበት ደስ ይለኛል።

ሰው ከሚመስለው ጋር ሲገናኝ የተሻለ ይሆናል የሚለው ነገር የተጠናበት አገር አሜሪካ ነው። እዚያ ሙያው ውስጥ አብዛኞቹ ሴቶች፣ አብዛኞቹም ነጮች ናቸው፤ ተማሪዎቹ ግን እንደዚያ አይደሉም። ክሪስቲን መልኸርን የተባለች የኢኮኖሚክስ ባለሙያ የማሳቹሴትስን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች መረጃ ይዛ አማካሪዎች ምን ያህል ለውጥ እንደሚያመጡ መርምራለች። ያገኘችው፣ አንድ ጥሩ አማካሪ በተማሪው ትምህርት መጨረስና ኮሌጅ መግባት ላይ ያለው ተጽዕኖ ከጥሩ መምህር ጋር የሚቀራረብ መሆኑን ነው። ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎች ነጭ ያልሆነ አማካሪ ሲደርሳቸውም ትምህርታቸውን የመጨረስ ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። የአሜሪካን የዘር ጉዳይ እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ የእኛ መስመሮች ቋንቋ፣ ሃይማኖት፣ ብሔር፣ የመጡበት አገርና የኑሮ ደረጃ ናቸው፤ አንዱ ልጅ ላይ ሦስቱ አራቱ ይደራረባሉ።

ደግሞ መመሳሰል ሁልጊዜ አይበጅም። በከተማው ዳር ይህ በደንብ ይታያል። አማካሪዋ አንዲት ተማሪ ካለችበት ብሎክ ሁለት ደረጃ ወረድ ብላ ትኖራለች እንበል። ከእናትየው ጋር አንድ ዕቁብ ይጥላሉ፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ፣ ሰው ሲሞት አንድ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣሉ። በቋንቋም፣ በሃይማኖትም፣ በጾታም ከዚህ የበለጠ መመሳሰል የለም። ልጅቷ ግን በዚያ በር አታልፍም። «ለእማዬ ትነግራታለች» ትላለች፤ ባትነግራትም እንኳ መንገድ ላይ ሲገናኙ የምታየው ዐይን ይበቃታል። እንዲህ ያለችው ልጅ የምትፈልገው ከሩቅ የመጣ፣ ማንንም የማያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእያንዳንዱ ልጅ አምሳያውን መፈለግ አይደለም። ልጁ ከአንድ በላይ በር አለው ወይ ነው። አንድ ሰው ብቻ በተቀመጠበት ቢሮ መልሱ የታወቀ ነው።

ይህን ክፍተት በሥልጠና ለመሙላት ከ30 ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር አለ። በ1992 እ.ኤ.አ. ደራልድ ዊንግ ሱ፣ ፓትሪሺያ አሬዶንዶና ሮድሪክ ማክዴቪስ የተባሉ የአሜሪካ ምሁራን፣ ከራሱ የተለየ ባህል ያለውን ሰው የሚያማክር ባለሙያ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል አሉ፦ የራሱን ግምትና አድልዎ ማወቅ፣ የሰውየውን ዓለም ማወቅ፣ ለዚያ የሚስማማ ዘዴ መቻል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ ከራስ ይጀምራል። የገጠር ልጅ «ፋራ»፣ የኮንዶሚኒየም ልጅ «ሙድ ያለው»፣ የሰው ቤት ሠራተኛ «ደንገጥ የምትል» እያለ ያደገ አማካሪ ቃላቱን ቢሮው በር ላይ አራግፎ አይገባም።

የሃይማኖትን ነገር አጠር አድርጌ ልለፈው። ልጅ ክፍል ውስጥ ወድቃ ስትንፈራገጥ ወላጅ ወደ ጸበል ወይም ወደ ዱዓ፣ ሌላው ወደ ጸሎት ቤት ይወስዳል። አማካሪው ፊት ለፊት ቢከራከር ልጅቷ ትምህርት ቤቱንም ታቆማለች። የሚያዋጣው ሁለቱን ጎን ለጎን ማስኬድ ነው። በኤች አይ ቪ መድኃኒት ጉዳይ የቀድሞው ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብራችሁ ተጠቀሙ ብለው አስተምረዋል። አማካሪውም «እሑድ ጸበሉ ይሁን፤ ማክሰኞ ደግሞ አማኑኤል ሆስፒታል ካርድ አውጡላት» ማለት ይችላል። ይህን የሚሰሙት ግን ከሚያከብራቸው ሰው ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ ኖረ አልኖረ፣ ሒጃብ ለበሰች አልለበሰች፣ ማክበሩ ካልታየ አይሠራም።

አሁን ወደ ሥራ ቦታው ኑሮ እንምጣ። የአማካሪ ችግር የሚጀምረው ከመሐል ሆኖ ከማንም ወገን ስላልሆነ ነው። መምህር አይደለም፣ አስተዳደርም አይደለም። ክፍለ ጊዜ ስለሌለው «ነፃ» ነው ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ያረፈደ ተማሪ በር ላይ ይመዘግባል፣ የቀረ መምህር ይሸፍናል፣ ፈተና ይፈትናል፣ ሰልፍ ያስከብራል። ከሁሉ የከፋው የዲሲፕሊን ኮሚቴ አባል መሆኑ ነው። ሰኞ «ለእኔ ንገረኝ፣ ሚስጥር ነው» ያለችው ሴት ዓርብ የቅጣት ቃለ ጉባኤ ላይ ስትፈርም ያየ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም። ጓደኞቹም አይመጡም። አማካሪን ከዲሲፕሊን ኮሚቴ ማውጣት ምንም በጀት አይጠይቅም፤ የርእሰ መምህሩ አንድ ፊርማ ነው።

ሚስጥርም ሌላው ጭቅጭቅ ነው። ርእሰ መምህሩ በቅንነት «ማነው እሱ ልጅ? ምን አለሽ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ግቢው የእሱ ኃላፊነት ነውና። አማካሪዋ መናገር የምትገደድባቸው ሁኔታዎች አሉ፦ ልጁ ራሱን ሊጎዳ ሲያስብ፣ ሌላ ሰው ሊጎዳ ሲል፣ ወይም ልጁ ላይ ጥቃት እየደረሰ ከሆነ። ይህን ድንበር ገና በመጀመሪያው ቀን፣ ልጁ አፉን ሳይከፍት ልትነግረው ይገባል። ከዚያ ውጭ ያለው የልጁ ነው። በ2015 ዓ.ም. በሰንደቅ ዓላማና በመዝሙር ጉዳይ በከተማዋ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ረብሻ በተነሳ ጊዜ የነበረውን አስቡ። በእንዲህ ያለ ሰሞን አማካሪው ከሁለቱም ወገን በጥርጣሬ ይታያል። የየትኛው ብሔር ነው ይባላል፣ ለማን ነው የሚናገረው ይባላል። ከዚያ ቀደም ብሎ ሚስጥር መጠበቁ የታወቀለት ሰው ነው በዚያን ቀን ሁለቱንም ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ የሚችለው።

ምዘናውም ሥራውን ያጣምማል። ቅጹ «በሩብ ዓመቱ ስንት ተማሪ ተማከረ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ሰልፍ ላይ ማይክ ይዞ አሥር ደቂቃ ስለ ፈተና ጭንቀት መናገር ስምንት መቶ ተማሪ ያስሞላል። አንዲት ልጅን ከሞት ሐሳብ ለመመለስ የወሰደው የሁለት ወር ልፋት ግን «1» ተብሎ ይሞላል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ይህን አባብሶታል። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር ትምህርት ቤቱ ሁሉ ፊቱን ወደ ቲቶሪያል አዞረ። አማካሪዋም «ልጆቹን ሞቲቬት አድርጊ» ተባለች። የሚያስፈራቸውን መስማት ሥራዋ የነበረችው ሰው የማስፈራራቱ አካል ሆነች፤ ለእኔ ይህ ከቢሮው ጥበት የባሰ ነው።

ሴት አማካሪዎች ላይ የሚጫነው ደግሞ የራሱ መልክ አለው። ሴት ከሆነች የሥርዓተ ጾታ ክበብ የእሷ ነው። የንጽሕና መጠበቂያ ማከፋፈል የእሷ ነው። አርግዛ የተገኘች ልጅ ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ ማስታረቅ የእሷ ነው። አንዲት ልጅ ጥቃት ደርሶባት ስትመጣ ወደ ጋንዲ ሆስፒታል የአንድ ማዕከል አገልግሎት ይዛት የምትሄደውም እሷ ናት። ከቱሉ ዲምቱ ጋንዲ ድረስ ታክሲ ቀያይሮ፣ ሰልፍ ጠብቆ፣ ፖሊስ ቃል እስኪቀበል ቁጭ ብሎ መዋል ነው። በማግስቱ «ትናንት ለምን ቀረሽ?» የሚል ይኖራል። ወጣት ከሆነች ደግሞ የተጠራው አባት ቁጭ አይልም፤ በቁሙ «ኃላፊሽን ጥሪልኝ፣ ልጄ» ይላታል። «ልጄ» ስድብ አይደለም፣ ፍቅርም አለበት፤ ግን ወንበሩን ከሥሯ ይወስደዋል።

ወንድ አማካሪም የራሱ አለው። በሩን ዘግቶ ሴት ተማሪ ማነጋገር ያስጠረጥረዋል፤ በሩን ከፍቶ ማነጋገር ደግሞ ልጅቷን ዝም ያሰኛታል። ግማሹ መስታወት የሆነ በር ቢኖር ሁለቱም ይቃለላል፤ ከውጭ ይታያል፣ አይሰማም። በሌላ በኩል ትምህርት እየተወ ቤቲንግ ቤት የሚውለው ጎረምሳ፣ ጫት የጀመረው፣ በዕዳ የተያዘው ለወንድ ቶሎ ይናገራል። ሴት አማካሪ ዘንድ ሲመጣ እህቱ ፊት የቆመ ይመስል ያፍራል፣ ይቀልዳል፣ ይሄዳል።

የስታንፎርዱ የሥነ ልቦና መምህር አማዶ ፓዲያ በ1994 እ.ኤ.አ. ለዚህ ዓይነቱ ሸክም «የባህል ግብር» የሚል ስም ሰጥተውታል። ሐሳቡ እንዲህ ነው፦ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የአናሳው ወገን የሆነ ሠራተኛ፣ የወገኑን ጉዳይ በሙሉ እንዲሸከም ይደረጋል፤ ይተረጉማል፣ ያስታርቃል፣ ኮሚቴ ውስጥ «እነሱን» ይወክላል። ዕድገት ሲታሰብ ግን ይህ ሥራ ተብሎ አይቆጠርለትም። እሳቸው የጻፉት ስለ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ነው። በእኛ ከተማ ዳር ግብሩን የሚከፍለው ብዙ ጊዜ አፋን ኦሮሞ የሚችለው አማካሪ ወይም የምልክት ቋንቋ የምታውቀው መምህርት ናት። ወላጅ መጣ፣ «ናማ አስተርጉምልን»። ማስታወቂያ ተጻፈ፣ «ተርጉሚልን»። ክፍል ውስጥ ጠብ ተነሳ፣ «አንተ ታውቃቸዋለህ፣ ሂድ»። ሁለተኛ ሥራ ነው፤ ደመወዙ አንድ።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ክሪስቲና ማስላክ በ1981 እ.ኤ.አ. ከባልደረባዋ ጋር ባወጣችው መለኪያ ከሰው ጋር የሚሠራ ባለሙያ በሥራ ጫና ሲቃጠል የሚታዩትን ሦስት ምልክቶች ለይታለች፦ መድከም፣ ሰውን እንደ ዕቃ ማየት መጀመር፣ ሥራዬ ምንም አላመጣም ብሎ ማመን። ሁለተኛውን ምልክት ተማሪዎች ከአማካሪው ቀድመው ያውቁታል። «ቲቸር ዛሬ ሙዷ የለም» ይላሉ፣ ከዚያ ይቀራሉ።

የአካል ጉዳት ያለበትን ባለሙያ በተመለከተ ሕጉ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪው የአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ሥራውን እንዲሠራ ተገቢውን ማመቻቸት እንዲያደርግ ያዛል። ዐይነ ስውር አማካሪ በብዙ ነገር ከሌላው አያንስም። የሚሠራው በጆሮው ነው፤ ልጅም ሲያለቅስ ስለማይታይ ቶሎ ይፈታል። ማስታወሻውን በብሬይል ከያዘ ደግሞ መሳቢያው ባይቆለፍም ግቢው ውስጥ የሚያነብበት የለም! ችግሩ ያለው የታተመ ቅጽ ሙላ ሲባል፣ ቢሮው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሆን፣ መንገዱ ገና ኮብልስቶን ሳይነጠፍ ጉድጓድ ሲበዛበት ነው። ፎቁ ዊልቸር የሚጠቀመውን ተማሪም ያግደዋል፤ ያ ልጅ አማካሪ ዘንድ ለመሄድ አራት ጓደኛ ተሸክሞት መውጣት ካለበት ሚስጥሩ ደረጃው ላይ አልቋል።

አንድ ሰው ብቻ መቀጠር የሚያመጣው ነገር በወሊድ ጊዜ ይጋለጣል። ሠራተኛዋ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ ከሙሉ ደመወዝ ጋር ዕረፍት ታገኛለች። መብቷ ነው፣ ተገቢም ነው። ትምህርት ቤቱ ግን ለአራት ወር በሩን ይቆልፋል። በኅዳር ጀምራ በየሳምንቱ ስትመላለስ የነበረች ልጅ በጥር በሩን ተቆልፎ ታገኘዋለች። ከዚያ ጥፋቱ በሴቷ ላይ ይደፈደፋል፤ «ለዚህ ሥራ ወንድ ይሻላል» የሚል ወሬ መምህራን ማረፊያ ውስጥ ይጀመራል። ወሬው ወንበሩን ያጠበበውን ሰው አይነካም።

እስከ አሁን ያልኩትን ሁሉ የሚያያይዘው አንድ ነገር ነው፦ አንድ ሰው በራሱ ብዝኃ ሊሆን አይችልም። ሴትም ወንድም፣ አማርኛም አፋን ኦሮሞም ወላይትኛም ተናጋሪ፣ ጎረቤትም እንግዳም፣ በአንድ ጊዜ አይሆንም። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት አራት አማካሪ ይቀጠር ማለት ደግሞ በዚህ በጀት ሕልም ነው። ነገር ግን ትምህርት ቤቶቻችን ጉድኝት የሚባል ነገር አላቸው፤ አንድ ማዕከልና በዙሪያው ያሉ ጥቂት ትምህርት ቤቶች ለመምህራን ሥልጠናና ለልምድ ልውውጥ የሚገናኙበት። በአንድ ጉድኝት አራት አማካሪ ካለ፣ ምናልባት ሁለቱ ሴቶች ናቸው፣ አንዱ አፋን ኦሮሞ ይችላል፣ አንዷ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ተምራለች፣ አንዱ ከሌላ ክፍለ ከተማ ስለሚመላለስ ሰፈሩን አያውቅም። ለየብቻ ሲታዩ እያንዳንዳቸው ጎዶሎ ናቸው፤ አራቱን እንደ አንድ ቡድን ማሠራት ግን ይቻላል።

በተግባር ምን ማለት ነው? በወር አንድ ከሰዓት ይገናኛሉ። ያስቸገራቸውን ጉዳይ ስም ሳይጠሩ ያቀርባሉ፤ ሌላው አገር ውስጥ አማካሪ በሌላ አማካሪ እየታገዘ እንዲሠራ የሚደረገው ለዚህ ነው፣ ብቻውን የሚሸከም ሰው ይሳሳታል። እናቷን ከምታውቅ አማካሪ የሸሸችው ልጅ ከጎረቤት ትምህርት ቤት የመጣችውን እንድታነጋግር ቀን ይያዝላታል። ያ አምስተኛ ክፍል ያለው ልጅ አፋን ኦሮሞ ከሚችለው ጋር አንድ ሰዓት ያገኛል፤ ትርጉም ለማስታወቂያ ሳይሆን ለልጁ ይውላል፣ ሰዓቱም በሥራ ዝርዝር ላይ ይጻፋል። አንዷ ስትወልድ ሌሎቹ ሦስቱ በየተራ በሳምንት አንድ አንድ ቀን ይሸፍናሉ።

የሚነሳው ተቃውሞ ይታወቃል። ርእሰ መምህሩ «እኔ ለትምህርት ቤቴ ነው የተመደበችልኝ፣ ሥራ ጥላ ትሄዳለች» ይላል። እውነቱን ነው፣ ስለዚህ ውሳኔው ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ መምጣት አለበት፤ በሁለት ርእሰ መምህራን መግባባት ላይ ብቻ የቆመ ነገር አንዱ ሲዘዋወር ይፈርሳል። የታክሲውን ከኪሷ የምታወጣ አማካሪ ሁለት ወር ትሄድና ትተዋለች፣ ስለዚህ የትራንስፖርት ገንዘቡ አብሮ ይጻፍ። «ሚስጥር ይበተናል» የሚለውን ስጋት እኔም እጋራለሁ። ልጁ ሳይጠየቅ ጉዳዩ ወደ ሌላ አማካሪ መተላለፍ የለበትም፤ ወላጅ ማወቅ ያለበት ነገር ካለም ልጁ አስቀድሞ ይነገረው።

ከሁሉ የሚከብደው የአስፋልቱ መሻገሪያ ነው። ቋንቋ እየቀየረ የሚመላለሰው ልጅ ያለው በአዲስ አበባና በሸገር ከተማ መካከል ነው፤ ሁለቱን ቢሮዎች የሚያገናኝ የጋራ ጉድኝት ግን አይኖርም። ቢያንስ ልጁ ሲዘዋወር በመሸኛው ላይ ከውጤቱ ጋር «እስከ 4ኛ ክፍል የተማረበት ቋንቋ» የሚል አንድ መስመር ቢጨመር ያ ዝምተኛው ወረቀት ባልተጻፈ ነበር። እስከዚያ ድረስ በሁለቱ ወገን ያሉ አማካሪዎች ስልክ መለዋወጥ ይችላሉ። በቴሌግራም ከሆነ ግን የልጅ ስም፣ የክፍሉ ቁጥር፣ ፎቶም ይሁን የመጥሪያ ወረቀት አይላክ፤ «አምስተኛ ክፍል ያለ ልጅ አለኝ፣ ሐሙስ ከሰዓት ትችላለህ?» ከበቂ በላይ ነው።